በእህቴ ዓይን ያየሁት ሰማይ

ደብረ ታቦር ላይ ሰማይ ማየት ለሚፈልግ ሰው ክረምት ቅጣት ነው። ከሰኔ ማለቂያ ጀምሮ ደመናው ከጉና ወርዶ ቆርቆሮው ላይ ይቀመጥና እስከ መስቀል አይነሳም። መስቀል ሲያልፍ ሰማዩ ይታጠባል፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ኮከቡ በእጅ የሚደረስበት ይመስላል። ታኅሣሥና ጥር ውርጩ ጣት ይቆርጣል፣ የዓመቱ ምርጥ ሰማይ ግን ያኔ ነው። መጋቢት ላይ አቧራና የበልግ ጉም ይቀላቀላሉ፤ ጨረቃ የሌለችበት አንድ ጥርት ያለ ሳምንት ከተገኘ እሱንም ተመስገን ማለት ነው። እኔ ብዙ ዓመት ዕድሜዬን የቆጠርኩት በዚህ ነው። የማን ልጅ ክርስትና እንደተነሳ፣ የማን ለቅሶ እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ጨረቃ የማትወጣበትን ቀን ግን ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝም እናገር ነበር።

የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው ቴሌስኮፑን ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ያገኘሁት። አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ትቶት ሄዶ ከተሰበሩ ወንበሮችና አየር ከጎደላቸው ኳሶች ጋር ተጋድሞ ነበር። ወፍራም ቱቦ ነው፤ ታቹ ላይ መስተዋት አለው፣ አፉ ላይ ክዳን፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ዓይን የሚደረግበት ትንሽ ቀዳዳ። «ለማስተማሪያ» ብዬ ፈርሜ አወጣሁት፤ አንድም ተማሪ አላየበትም። አብሮት አንድ ያረጀ መጽሐፍ ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አንድ ፈረንሳዊ መመዝገብ የጀመራቸው መቶ አሥር ነገሮች ተዘርዝረውበታል። አንዱ የኮከቦች ክምችት ነው፣ አንዱ የጋዝ ደመና፣ አንዱ ጋላክሲ፤ በእንዲያ ያለ ትንሽ መሣሪያ ሲታዩ ግን አብዛኞቹ ያው ጭጋግ ናቸው፣ መስተዋት ላይ እፍ ሲሉበት ለአፍታ እንደሚቀረው ያለ። መቶ አሥሩንም አይቼ ልጨርስ ማልሁ። በሕይወቴ ያልጨረስኩት ነገር ብዙ ስለነበር ይሆናል።

ከተማው ግን አላስቀመጠኝም። አጥሬ ጥግ ካለው ጠጅ ቤት አምፖል አይጠፋም፤ መብራት የሚቋረጠውም ደመና በሆነ ቀን ነው። ስለዚህ ወደ ጉና፣ እህቴ ቤት መውጣት ጀመርኩ። ክምር ድንጋይ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ሦስት ሰዓት በእግር ነው። በቅሎዋን ትልክልኛለች፤ ቴሌስኮፑ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ እንወጣለን።

እህቴ የቤታችን በኩር ናት። እናታችን ስትሞት እሷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ እኔ አራት። ተድራ ወደ ጉና ስትወጣ እኔን አዝላ ነው የወጣችው፤ ሕፃን አዝላ የገባች ሙሽራ በሠርገኛው ፊት ምን እንደተባለች መገመት አያስቸግርም። ደብተርና ልብስ ሳታጓድል አስተማረችኝ። እኔ መምህር ስሆን ባሏ ሞቶ ነበር፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆቿም ተድረው ርቀዋል። ገብስና ድንቿን ጎረቤቷ በእኩል እያረሰላት ብቻዋን ትኖር ነበር። «ወንድምዓለም ሊመጣ ነው» ብላ ለመንደሩ ስታወራ የሰነበተች መሆኑን ከጎረቤቷ ነበር የምሰማው። የምሄደው ግን ለሰማዩ ነበር። ይህን ሳልሸፍን ብጽፈው ይሻላል።

የመጀመሪያው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ እራት እንደበላን፣ ደጅ ቆሜ አንድሮሜዳ የሚባለውን ጋላክሲ ስፈልግ አጣሁት። ዓይኔን ኩራዝ በልቶታል፤ መነጽሬም የጠርሙስ ቂጥ ያህላል። እህቴ ጋቢዋን ተከናንባ ወጣች።

«ምንድነው የምትፈልገው?» አለችኝ።

«አንድ ጭጋግ ነገር ነው፤ እዚህ አካባቢ መሆን ነበረበት።»

«ያችን ነው?» ብላ ጣቷን ቀሰረች። በባዶ ዓይኗ ነው ያየችው። ቱቦውን ጣቷ ወዳመለከተበት ባዞረው ጋላክሲው ቁጭ ብሏል።

«እንዴት አየሻት፣ እታለም?»

«ቀጥ ብለህ አትያት። ጎን ጎኗን እያት። ቀጥ ብለህ ካየሃትማ ትጠፋለች።»

መጽሐፉ ይህንኑ ሁለት ገጽ ሙሉ ነው የሚያስረዳው። እሷ የተማረችው ማሳ ስትጠብቅ፣ ማማ ላይ ነው። ድንች ሊቆፍር የሚመጣ ጃርት በጨለማ ትኩር ብለው ካዩት አይታይም፤ ጎን ጎኑን ሲያዩ ነው የሚንቀሳቀሰው። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ተምሬ ያላወቅኩትን እሷ ለጃርት ስትል አውቃው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራችን መልክ ያዘ። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ቀዳዳው ላይ ትተክላለች፤ እኔ ቱቦውን በቀስታ እገፋለሁ። «ቁም» ስትል እቆማለሁ። የምታየውን ታወራለች፤ አንዱ እንደ ተልባ ፍሬ ረዘም ያለ፣ አንዱ ከመሃሉ የደመቀ፣ አንዱ ሁለት ሆኖ ትከሻ ለትከሻ የተደገፈ። ቀጥሎ እኔ አያለሁ። አንዳንዴ ይታየኛል፣ አንዳንዴ አይታየኝም። ባይታየኝም ደብተሬ ላይ «አየሁ» ብዬ እጽፋለሁ፣ የእሷንም አነጋገር የእኔ አስመስዬ እገለብጣለሁ። ታኅሣሥ ላይ የኦሪዮንን ደመና፣ የካቲት ላይ የኮከቦቹን ክምችቶች፣ ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይቀድመን የፍኖተ ሐሊብን መሃል አየን። ስለ ሰማይ የጠየቀችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«ይኼ ሁሉ ሰው አለበት?»

«እስካሁን እንደምናውቀው የለበትም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሃል?» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

በሦስተኛው ዓመት ዓይኗ ማልቀስ ጀመረ። እኔም «ማን ሞተብሽ?» እያልኩ እቀልድ ነበር። «ፀጉር ወግቶኝ ነው» ትለኛለች። በዚያ አገር ይህ በሽታ አይባልም፤ የሴት ዕጣ ነው። የዓይን ሽፋኑ ወደ ውስጥ ይታጠፍና የሽፋሽፍቱ ፀጉር ብሌኑን ይፍቀዋል። ለዚህም ሴቶቹ ወረንጦ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያስራሉ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አንዷ የሌላዋን ትነቅላለች። ሲነቀል ለጥቂት ቀን ይቀላል። ሲመለስ ግን አጭርና ደረቅ ሆኖ ነው የሚመለሰው፤ ከረጅሙ ፀጉር ይልቅ የሚወጋው ይኸው ቁራጩ ነው። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም ይነቅላል።

ነቃዩ እኔ ሆንኩ። ሰማዩ በጠራ ቀን፣ ከእራት በፊት፣ ራሷን ጭኔ ላይ አጋድሜ በባትሪ ብርሃን እነቅልላታለሁ። ዓይኔ ከጨለማው ጋር እንደተላመደ እንዲቆይ ባትሪውን በቀይ ወረቀት ጠቅልዬው ነበር፤ በቀይ ብርሃን ደግሞ ፀጉርና ቆዳ አይለይም። ስንቱ ከሥሩ ሳይነቀል መሃሉ ላይ ተሰበረ። ጉልበቴን ጨምድዳ ትይዛለች፤ ድምፅ አታሰማም። እኔ ወደ ደጁ እያየሁ «ቶሎ በይ፣ ጋላክሲዋ ልትጠልቅብን ነው» እላለሁ። ነቅዬ ስጨርስ እንባዋን ጠርጋ በርጩማው ላይ ትቀመጣለች፣ «ቁም» ትላለች። ለእሷ ዓይን ብዬ የነቀልኩበት አንድም ቀን አልነበረም።

ደብተሬ ላይ ስምንት ብቻ ሲቀሩ፣ ሁሉም በመጋቢት የሚታዩ ደብዛዛ ጋላክሲዎች፣ ጥር ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር እህቴ ጋ ገባች። ወጣት ልጅ ናት። እኔ እዚያው ነበርኩ። ሽፋኑን በጣቷ ገልብጣ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«እናቴ፣ ይኼ በወረንጦ አይድንም፤ መነቀሉ ራሱ እየጎዳዎት ነው። መጋቢት ሁለተኛው ሳምንት ላይ የዓይን ሐኪሞች ታች ጤና ጣቢያው ይመጣሉ። ቀዶ ጥገናው ለአንድ ዓይን ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሳይቀሩ ይምጡ።»

ታሽጎ ይቆያል፣ ለሳምንት ከጭስና ከአቧራ መራቅ ነው፣ ከዚያ ክሩ ይወጣል አለች። መጋቢት ሁለተኛው ሳምንት! ጨረቃ የሌለችበት ሳምንት እሱ ነበር። ልጅቱ እያወራች እኔ በሆዴ ቀን እቆጥራለሁ።

ቀኑ ሲደርስ ጎረቤቷ በማለዳ መጣና «በቅሎዋን ልጫንና ላድርሳት» አለ። በቅሎዋ ትናንት ቴሌስኮፑን ተሸክማ ስለወጣች ደክማለች አልኩት። ሰውዬው እኔንም በቅሎዋንም አየና ሄደ። ወደ እህቴ ዞርኩ።

«እታለም፣ በዚህ ሳምንት ጨረቃ የለችም። ሐኪሞቹ ተመልሰው ይመጣሉ፤ እነዚህ ጋላክሲዎች ግን ካለፉን እስከ ሌላ ዓመት የሉም።»

«እሺ» አለች። ድንች እየላጠች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

ከሚመለሱ ነገሮች ሁሉ ጋላክሲን የሚያህል የለም። እኔም እሷም ሳንፈጠር በየመጋቢቱ ይወጡ ነበር፣ እኔም ከሞትኩ በኋላ በየመጋቢቱ ይወጣሉ። ይህን ለተማሪዎቼ አስተምር ነበር። ሐኪሞቹ የተመለሱት በዓመታቸው ነው። እህቴ ሳትሄድ በቀረችበት በዚያ ሳምንት ሦስቱን ምሽት ጉም ዋጠው፣ በቀሩት ምሽቶች ሁለት ጋላክሲ አገኘን። ለሁለት ጋላክሲ ነው።

ክረምቱ አለፈ። በኅዳር ስወጣ እህቴ ግንባሯ ላይ ሻሽ ጠበቅ አድርጋ አስራ አገኘኋት፤ ሽፋኑን ወደ ላይ ለመሳብ ነው። እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር፣ ምክንያቱም ሥራው ተሳክቶልናል። ጥርት ባለ ምሽት ጎህ እስኪቀድ ድረስ እየጠበቅን በምሥራቅ የሚወጡትን ቀድመን መልቀም ጀመርን፤ እሷም እንደ ድሮው ብዙ ጊዜ አያስፈልጋትም። ገና ቱቦውን ሳነቃንቀው «ቁም» ትላለች። «አየሽው?» ስላት «አየሁት»። እጽፋለሁ። በጥር ሁለት ብቻ ቀሩኝ። ያን ሰሞን ክፍል ውስጥ ሳስተምር እንኳ ለብቻዬ ፈገግ እል ነበር።

አንድ ነገር ግን ይቆረቁረኝ ጀመር። ደብተሬን ሳገላብጥ የኋለኞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነውብኛል። ተልባ የለ፣ ትከሻ ለትከሻ የለ፤ ሁሉም «እንደ እስትንፋስ» ነው። ታዲያ ምን አሰብኩ? ሰለቻት አልኩ። ቶሎ ተኝታ ለማረፍ ዝም ብላ «አየሁ» ትለኛለች፣ ታታልለኛለች አልኩ። ያሳደገችኝን ሴት ሌባ እንደሚጠባበቅ ሰው ልይዛት ተነሳሁ።

መጋቢት መግቢያ ላይ፣ ጥርት ባለ ምሽት፣ የቱቦውን አፍ ክዳን ሳላነሳ በርጩማው ላይ አስቀመጥኳት። በክዳኑ ውስጥ የሚታይ ነገር የለም፤ ድፍን ጥቁር ነው። ቱቦውን እንደ ወትሮው በቀስታ ገፋሁት።

«ቁም» አለች።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«ምን ይመስላል?»

«እንደ እስትንፋስ ነው። መጣ፣ ሄደ፣ ይላል።»

ክዳኑን ነቅዬ ጭኗ ላይ ወረወርኩት። «ይኼን እዪው! ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ክዳኑ ነው! በክዳን ውስጥ ነው ያየሽው? ውሸታም!» ድምፄ ማዶ ያለውን ውሻ አስጮኸው።

ክዳኑን በሁለት እጇ ዞር አድርጋ ዳሰሰችው። ሳትቸኩል ዳሰሰችው። ያኔ ነው የገባኝ፤ ክዳኑ የወደቀው በዓይኗ ፊት ነበር፣ እሷ ግን የፈለገችው በጣቷ ነው። ባትሪውን አወጣሁና ቀዩን ወረቀት ገፍፌ ፊቷ ላይ አበራሁት። አልጨፈነችም። የቀኙ ብሌን ነጭ ነበር። ስንት ወር አጠገቧ ተቀምጬ፣ በቀዩ ብርሃን እየነቀልኩላት፣ በነጭ ብርሃን ዓይኗን አላየሁትም ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ከመስቀል ወዲህ። በቀኜ ጭራሽ ነው። በግራዬ እሳቱን አያለሁ፣ ሰውም ሲያልፍ አያለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትመጣ ነበር?» አለችኝ። በቁጣ አይደለም። ገበያ ትውል ይሆን ብላ እንደምትጠይቀው ነው የጠየቀችኝ።

«እመጣ ነበር» ማለት ሁለት ቃል ነው። አላልኩትም። ቴሌስኮፑን ፈታትቼ አስገባሁና ተኛሁ፤ እሷ እሳቱን ስታዳፍን ይሰማኝ ነበር።

በሳምንቱ ሐኪሞቹ መጡ። በዚህኛው ጊዜ በቅሎዋ አልደከመችም። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ሻሻቸውን ያሰሩ ሴቶች ተደርድረው ነበር፤ አብዛኞቹን ባል ወይም ልጅ ይዟቸዋል። ተራዋ ሲደርስ የዓይን ነርሱ ሽፋኗን ገልብጦ በአጉሊ መነጽር አየ።

«እናቴ፣ ማነው የሚነቅልልዎት? ሁሉም መሃሉ ላይ ነው የተሰበረው። ዓይንዎን የፈጀው ይኼ ቁራጩ ነው።»

«እኔው ነኝ፤ በእጄ» አለች።

«በማያዩበት ዓይን?»

ነርሱ ቀና ብሎ አየኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ወንድም ተብዬው የበቅሎዋን ልጓም ይዤ ኮርቻው ላይ ያለውን ስፌት እቆጥር ነበር።

«ቀኙ አልቋል» አለ ነርሱ። «ግራውን ባለበት ለማቆየት እንሞክራለን። አምና ቢመጡ ኖሮ ሁለቱም ይተርፉ ነበር። ጥሪው አልደረስዎትም?»

«ደርሶኝ ነበር፣ ልጄ። ሥራ ነበረብኝ።»

ከፋሲካ በኋላ ቴሌስኮፑን ወደ ደብረ ታቦር አወረድኩት። «ለጥገና ነው» አልኳት፤ እሷም ያው «እሺ» አለች። የቀሩትን ሁለቱን በአንበሳሜ መንገድ ካለ ኮረብታ ላይ ለብቻዬ ሆኜ ፈለግኋቸው። አየኋቸው ወይስ አላየኋቸውም? ዛሬም አላውቅም። «አየሁ» ብዬ ጻፍኩና መቶ አሥሩ ሞላ። ለባልደረቦቼ ሳሳያቸው አጨበጨቡልኝ። ደብተሩ አሁንም አለኝ፤ በእሷ ዓይን ያየሁትን፣ በእኔ ያየሁትንና ማንም ያላየውን መለየት አልችልም።

ወደ ጉና የወጣሁት ከዚያ በኋላ ለአንድ ገና ብቻ ነው፤ በማግስቱ ወረድኩ። ሥራ አልበዛብኝም፣ አልታመምኩም። ፊቷን ማየት አስጠላኝ። ሰው የበደለውን ሰው ይጠላል፤ እኔ ይህን በራሴ ነው ያወቅሁት።

ጎረቤቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲወርድ አንዳንዴ ደጄን ያንኳኳ ነበር። ጥቅምት ላይ መጣና «እህትዎ ሰማዩ ጠርቷል በለው ብላለች» አለኝ። የተማሪ ፈተና ይዞኛል በላት አልኩት። በዓመቱም እንዲሁ መጣ፤ ሌላ ምክንያት ሰጠሁት። ሦስተኛው ጊዜ ሲመጣ ጋቢው ውኃ ጠጥቶ፣ ባቱ ድረስ ጭቃ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ፣ መምህር። እንደ ወትሮው ናት፤ ሰማዩ ጠርቷል፣ ይምጣ በለው ብላለች።» ደፉ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አራገፈ። «ኧረ ለአንቱ መዋሸት ነውር ነው። ጉሙ ከገባብን ሳምንቱ ነው፤ ከደጃችን አሻግረን አናይም። እኔም ‹ጉም እኮ ነው፣ ምኑ ጠራ?› ብላት፣ ‹እሱን ተወው፤ አንተ ብቻ ጠርቷል በለው› አለችኝ። እሷስ በየት ታየዋለች?»

ጫማዬ በሩ ሥር ነበር፣ ዝናቡም እያባራ ነበር፣ የክምር ድንጋይ መኪናም ገና አልወጣም። ሰውዬው መልሱን ይዞ ለመሄድ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«እንግዲያው ሲጠራ እመጣለሁ በላት» አልኩትና በሩን ዘጋሁ።